ጥርጋቸው ሰርቦ የከረመበት ኅዳር

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አንድ የኖርዌይ ኳስ ተጫዋች ሰርቦ መጥቶ ለአገሩ ቡድን እኔን መርጦኝ ነበር። እስከ ሠርጌ ቀን ድረስ የማውቀው ይህንን ነው። በሠርጌ ቀን ወንድሜ ፋሂም ማይክ ይዞ ሦስት መቶ ሰው ፊት እውነቱን አወጣው። ባለቤቴ እስካሁን ትዝ ባለው ቁጥር ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ግን አልሳቅኩም።

አባቴ አብዱልሃዲ የሰርቦ ገበሬዎች ማኅበር የቡና ማድረቂያ ኃላፊ ነበር። ማድረቂያው ከቤታችን ጀርባ ካለው አጥር ማዶ ነው። ከመሬት ከፍ ብለው በእንጨትና በሽቦ የተሠሩ ረጃጅም አልጋዎች አሉ፤ ቀዩ ቡና እነሱ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ልጆች እዚያ መግባት ተከልክለናል። የተከለከልነውም በእኔ ምክንያት ነው፤ አንድ ቀን አልጋ ሲባል ሰምቼ ሄጄ ተኝቼበት ነበር።

ያ ሰውዬ የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ከመኪና ሲወርድ ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ እግሩ ወረደ፤ ቆየት ብሎ ወገቡ ተከተለ፤ ጭንቅላቱ የወረደው በመጨረሻ ነው። ቤታችን ሲገባ የበሩን መቃን በግንባሩ ገጨው። ሦስት ሳምንት እኛ ዘንድ ሲከርም ያንን መቃን ሃያ ሁለት ጊዜ ገጭቶታል። በየቀኑ በጠመኔ ግድግዳ ላይ ምልክት አደርግ ስለነበር ቁጥሩ ልክ ነው።

ስሙ ትሪግቬ ነበር። አባቴ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተወው። እናቴ ኩልሱም ግን ከጓዳ ሆና ሰማችና፣ «ጥርጋቸው ነው የሚለው፤ ምን ይከብዳል?» አለች። በቃ ጥርጋቸው ሆኖ ቀረ።

አስተርጓሚው የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር አጵሎስ ነበሩ። ከሆሳዕና የመጡ፣ በጸሎት ቤታቸው መዘምራን ውስጥ የሚዘምሩ፣ ድምፃቸው የሚያምር ሰው ናቸው። ኳስን የሚያውቋት ግን በክፍላችን መስኮት ስትገባ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ግቢያችን በሰው ሞላ። የሰፈሩ ትልቅ ሰው አባቦራ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «አገሩ ምን ይሠራ ነበር በልልኝ» አሉ።

ቲቸር አጵሎስ ጠየቁና ዞረው፣ «ኳስ ተጫዋች ነበርኩ ይላል» አሉ።

ወጣቶቹ ተንጫጩ። ፋሂም ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ የሰርቦ ቡድን አጥቂ ነው። ሰው ገፍቶ ወደፊት መጣና፣ «ስንት ዓመት ተጫወተ? የት ቦታ ነበር?» አለ።

ጥርጋቸው ፈገግ ብሎ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ቲቸር አጵሎስ ጥቂት አሰቡ። «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ነበርኩ ይላል።»

ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ወንበር ላይ?» አሉ አባቦራ።

«ወንበር ላይ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከወንበሩ የተነሳሁት ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው ይላል።»

አባቦራ ዙሪያቸውን አዩ። «ዘጠኝ ጊዜ አስነሱት፤ ዘጠኝ ጊዜ ተመልሶ ተቀመጠ። ይሄ እንዲህ በቀላሉ የሚታይ ሰው አይደለም» አሉ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ትራስ ያለው ወንበር ለእሱ ብቻ ሆነ።

ሰውዬው አልዋሸም። ተጠባባቂ በረኛ ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሦስት ክለብ ቀያይሯል፤ ሜዳ የገባው ዘጠኝ ጨዋታ ነው። ሌላውን ጊዜ ሁሉ ጃኬቱን ለብሶ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ሌሎች ሲጫወቱ አይቷል። እዚያ ብርድ ላይ ተቀምጦ በፔርሙዝ ሲጠጣ ነው ቡና የወደደው። ኳስ ሲያቆም ቡና የሚቆላበት ትንሽ ሱቅ ከፈተ፤ ወደ ሰርቦ ያመጣውም ይኸው ሱቅ ነው። ይህን ሁሉ የመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተናግሮታል። ፋሂም አሁን፣ «ቲቸር ቤንች ብለው ቢተዉት ኖሮ ሁላችንም ይገባን ነበር» ይላል።

አልገባንም። ስለዚህ ሰርቦ በማግስቱ አንድ ሐሳብ ላይ ደረሰች፤ ይህ ሰው የመጣው ተጫዋች ሊመርጥ ነው፣ ቡናው ሽፋን ነው። ጎሚስታ ቤት የሚሠራው በረኛችን ደሬሳ፣ ጥርጋቸው በመንገድ ባለፈ ቁጥር በአየር ላይ ይወረወር ጀመር። ኳስ ኖረም አልኖረም ይወረወራል። አስፋልት ላይም ይወረወራል። ጥርጋቸው ልጁ የሚጥል በሽታ አለበት ብሎ አስቦ ለአባቴ መድኃኒት ልላክለት እንዴ ብሎ እንደነበር የሰማነው ቆይቶ ነው። ፋሂም ደግሞ የቡና ጆንያ ተሸክሞም በእግሩ ኳስ ያነጥር ነበር። ኳሷ ስትወድቅ ቀና ብሎ ጥርጋቸው አይቶ እንደሆነ ያረጋግጣል። አብዛኛውን ጊዜ አላየም።

ጥርጋቸው የሚያየው ቡናውን ነበር። የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ስኒዎች ደርድሮ፣ ከእያንዳንዱ በማንኪያ እየጨለፈ ፉት ይላል። ፉት ሲል የሚሰማው ድምፅ ላስቲክ ሲቀደድ ይመስላል። ከዚያ ባልዲ ውስጥ ይተፋውና ደብተሩ ላይ ቁጥር ይጽፋል። እናቴ አንድ ቀን በመስኮት አይታው ተመለሰች። «እኔ ያፈላሁትን ቢተፋ ኖሮ ዕቃውን ይዞ ጅማ ሆቴል ነበር የሚገባው» አለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ቆርቆሮው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ቆምኩ። ውስጥ አባቴ፣ ጥርጋቸውና ቲቸር አጵሎስ ነበሩ። ፉት የሚለው ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያም ቲቸር አጵሎስ ሲተረጉሙ፦

«ሂንድ በጣም ጥሩ ናት ይላል። ሂንድን እወስዳለሁ ይላል።»

ሂንድ እኔ ነኝ።

«ሙሉዋን?» አለ አባቴ።

«ሙሉዋን። ስድሳ ስድሳ ኪሎ ሆና ትሂድልኝ ይላል።»

«ቶሌ» አለ አባቴ። እሺ ማለቱ ነው፤ ድምፁ ውስጥ ምንም ኀዘን አልነበረም። «ፋሂምስ?»

«ፋሂም ገና ነው ይላል። እርጥብ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ መገልበጥ አለበት፤ ፀሐይም አልጠገበም ይላል።»

ጓሯችን ውስጥ ከሙዝ ግንድ ጋር ኳስ እጫወት ነበር፤ በግራ እግሬ ስመታ ይሄ ሰው አንዳንዴ በረንዳው ላይ ቆሞ አይቶኛል። ለካ ሲመርጠኝ ኖሯል። በሺህ ወጣት መሃል እኔን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጥርጋቸው የየማሳው ቡና እንዳይቀላቀል፣ እያንዳንዱ አልጋ ስም እንዲሰጠው አባቴን ጠይቆት ነበር። አባቴ ሌላ ስም ሲያጣ የልጆቹን ሰጠ። ስድሳ ኪሎውም የአንድ ጆንያ ልክ ነው። ከሠርጌ በኋላ በስልክ፣ «አባ፣ እኔ የቡና አልጋ ነበርኩ እንዴ?» አልኩት። «ነበርሽ» አለኝ። «ጥሩ አልጋ ነበርሽ።»

ያኔ ግን ሁለት ችግር ብቻ ነበር የሚታየኝ። አንደኛው ስድሳ ኪሎ ነው። የማድረቂያው ዘበኛ ኡመይር ዘወር ሲል ጆንያ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ሃያ አራት ነኝ። ሁለተኛው ፋሂም ነው። እኔ ሄጄ እሱ እንዲቀር አልፈለግኩም። መገልበጥ ብቻ ከሆነ የጎደለው፣ እኔ እገለብጠዋለሁ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ፍራሹን በአንድ በኩል ይዤ በሙሉ ጉልበቴ አነሳሁት። ፋሂም በአፍንጫው ወለሉ ላይ ወረደ። በምሳ ሰዓት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ከኋላው መጥቼ ገፋሁት። አመሻሽ ላይ ሦስተኛውን ልጨርስ ስቃረብ እጄን ያዘኝ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«ለራስህ ብዬ ነው» አልኩት። «ገና እርጥብ ነህ። በቀን ሦስት ጊዜ መገልበጥ አለብህ ብሏል ጥርጋቸው። እኔን ግን ይወስደኛል። ስድሳ ኪሎ መሙላት ብቻ ነው የሚቀረኝ።»

ፋሂም እጄን ለቀቀ። ማድረቂያው ውስጥ ከአባቴ ጋር ስለሚሠራ ሂንድና ፋሂም የሚባሉትን አልጋዎች በደንብ ያውቃቸዋል፤ በየቀኑ የሚገለብጣቸው እሱ ነው። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁና የቀናብኝ መስሎኝ አዘንኩለት።

«ስድሳ ብዙ ነው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ዛሬውኑ መጀመር አለብሽ።»

ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሱን ራት ግማሽ ወደ እኔ ይገፋልኝ ጀመር። ገንፎ ጨምሪላት ይላል። ሙዝ በእጁ ሙሉ ያመጣልኛል። ተኝቼ እንኳ ቀስቅሶ በቆሎ ቂጣ ሰጥቶኛል። እንዲህ ያለ ደግ ወንድም ያለው ሰው የለም ብዬ ለክፍሌ ልጆች አወራሁ። እናቴ ግን ሰጋች። «ይቺ ልጅ ሆዷ ውስጥ ትል አለ» ብላ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝና የወስፋት መድኃኒት ዋጥኩ። ከዚያ ስመዘን ሃያ ሦስት ተኩል ሆንኩ። የዚያን ቀን አለቀስኩ። ፋሂም ከበሩ ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱም የሚያለቅስልኝ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ከደዶ ልጆች ጋር ግጥሚያ ነበር። በአይሱዙ ተጭነው እየዘፈኑ መጡ። ወጣቱ ሁሉ የምርጫው ቀን ዛሬ ነው ብሏል። ጥርጋቸውን ትራስ ካለው ወንበሩ ጋር ሜዳው ጠርዝ ሊያስቀምጡት ሲሉ እምቢ አለ። ተቀያሪዎቹ የሚቀመጡበትን የግንድ አግዳሚ አየ፤ ዓይኑ በራ። ሄዶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩን ዘረጋ፤ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ሰው እናቱ ቤት ሲገባ እንዲህ ነው የሚቀመጠው። አጠገቡ እኔ ተቀመጥኩ፤ ስድስት ሙዝ ይዤ።

በመጀመሪያው ግማሽ ፋሂም ሁለት ጎል አገባ። ሁለቱንም ጊዜ ወደ እኛ ሮጦ ጥርጋቸው ፊት ቆመ። ጥርጋቸው አጨበጨበለት። ደሬሳ በዚህ ቀና መሰለኝ። ከእረፍት መልስ ደዶዎች የመቷት ኳስ ከጎሉ ሁለት ሜትር ርቃ ስትወጣ ተከትሎ ተወረወረና ከግንድ የተሠራውን የጎል ቋሚ በትከሻው አገኘው። እያቃሰተ አወጡት። ሰርቦ ሌላ በረኛ የላትም።

ሁሉም ወደ አግዳሚው ዞሩ። እኔ ተራዬ የደረሰ መስሎኝ ሻሼን አጥብቄ ተነሳሁ። አባቦራ ግን አልፈውኝ ጥርጋቸው ፊት ቆሙና ለቲቸር አጵሎስ፣ «እንግዲህ ወንበሩን ይልቀቅ በለው» አሉ።

ነጩ ሰው ከነበረበትም ነጣ። ጓንት ሲያጠልቅ ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። አንበሳ ከመዝለሉ በፊት እንዲህ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሰውዬው ግን ፈርቶ ነበር።

የመጀመሪያዋ ኳስ በእግሮቹ መሃል ገባች። ሁለተኛዋን በደንብ ያዘና ለቀቃት። ሦስተኛዋ ስትመታ እሱ ለምን እንደሆነ አይታወቅም መሃል ሜዳ አጠገብ ነበር። አራተኛዋንና አምስተኛዋን መተረክ አያስፈልግም። ሁለት ለባዶ ስንመራ የነበርን አምስት ለሁለት ተመራን። እኔ ሙዜን ረሳሁት።

ሊያልቅ ሲል ደዶዎች ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። መቺው አንድ አጭር፣ ጭኑ የወፈረ ልጅ ነው። ኳሷን አስቀምጦ ብዙ ወደኋላ ሄደ። ጥርጋቸው መስመሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ልጁ መታ፤ ጥርጋቸው ወደ ቀኝ ወደቀ፤ ኳሷም ወደ ቀኝ ሄደች። ሆዱን ገጭታ ድብ የሚል ድምፅ ተሰማ።

አቅፏት ተኛ። አልተነሳም። ዳኛው መጥቶ ኳሷን ሊያስለቅቀው ሞከረ፤ አልለቅም አለ። አባቦራ፣ «ኢንና ሊላሂ» ማለት ጀምረው ነበር። ሮጬ ስደርስ ፊቱ ጭቃ ሆኖ እንባው ይወርዳል፤ ትከሻው ይርገፈገፋል። ምስኪን፣ አፍሮ ነው የሚያለቅሰው ብዬ ሻሼን ሰጠሁት።

ለአባቴ የተናገረው ሌላ ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ጨዋታዎች አንድም ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት አልገጠመውም። አሥራ አራት ዓመት በየልምምዱ የተዘጋጀላት ያች አንዲት ምት ሰርቦ ላይ መጣችለት። እየሳቀ ነበር፤ እያለቀሰም ነበር።

ሰርቦ በሰውዬው ተስፋ አልቆረጠችም። ከሜዳ ስንመለስ አባቦራ፣ «ደዶዎችም እንግዳ ናቸው፤ እሱም እንግዳ ነው። እንግዳ እንግዳን አያሳፍርም። አምስቱን በክብር ለቀቀላቸው፣ ስድስተኛውን ግን ጥጋብ ነው ብሎ ያዘባቸው» አሉ። ሁሉም ልክ ነው አለ።

ፋሂም ብቻ አልተናገረም። የዚያን ዕለት አመሻሽ ቲቸር አጵሎስን ይዞ ጥርጋቸው ዘንድ ሄደና በቀጥታ ጠየቀው። ጥርጋቸው በቀጥታ መለሰለት። ማንንም አልመርጥም፣ ያንን የማድረግ ሥልጣንም የለኝም፣ የምገዛው ቡና ነው አለው። ፋሂም ይህንን ለማንም አልነገረም። ወደ ቤት ሲገባ አየሁት፤ ኳሷን በር ላይ ጥሏት ገባና ራት አልበላም። የእሱንም ድርሻ እኔ በላሁት።

ጥርጋቸው ማክሰኞ ጠዋት ሊሄድ ዕቃው ተጫነ። እኔ የዒድ ቀሚሴን ለብሼ፣ በፌስታል ሌላ ልብስና የቀረኝን ሙዝ ይዤ መኪናው አጠገብ ቆምኩ።

«ቲቸር» አልኩ፣ «ስድሳ አልሞላሁም ይበሉልኝ። ሃያ አምስት ነኝ። እዚያ ስደርስ ግን እበላለሁ።»

«ስድሳ ምን?» አሉ ቲቸር አጵሎስ።

«ኪሎ። ሂንድ ስድሳ ኪሎ ሆና ትሂድልኝ ብሏል እኮ።»

አባቴ አፉን ከፍቶ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ መጋዘኑ፣ ከዚያ ወደ ፋሂም አየ። ፋሂም መሬት መሬት ያያል። አባቴ ወደ ቲቸር አጵሎስ ጆሮ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ጥቂት ነገር አለ። ቲቸር አጵሎስም ለጥርጋቸው ቀስ ብለው ነገሩት። ሲተረጉሙ ያን ያህል ሲጠነቀቁ አይቻቸው አላውቅም።

ጥርጋቸው አልሳቀም። ጃኬቱን አውልቆ ለሹፌሩ ሰጠ። ግቢው ውስጥ ሁለት ጆንያ ቡና ቆሞ ነበር፤ ሄዶ መሃላቸው ቆመ፤ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ እጁን ዘረጋ።

«ምቺ ይላል» አሉ ቲቸር አጵሎስ።

አምስት ጊዜ መታሁ። አምስቱንም ያዘ። የምሩን ነው የያዘው፤ አራተኛዋን ጠጠር ላይ ተንሸራቶ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ሹፌሩ ሰዓቱን እያየ ነበር። ከአምስተኛዋ በኋላ ተነሳ፤ አቧራውን አራገፈና ፊቴ ተንበረከከ። ተንበርክኮም ይበልጠኝ ነበር።

«ግራ እግርሽ ጥሩ ነው ይላል» አሉ ቲቸር አጵሎስ። «ግን ከመምታትሽ በፊት የምትመቺበትን ቦታ ታያለሽ። በረኛው ዓይንሽን አይቶ ያውቅብሻል። አትዪው ይላል።»

«ስድሳ ኪሎውስ?»

ጠየቁት። «አያስፈልግም ይላል።»

መኪናው ወጥቶ ወደ ጅማ መንገድ ታጠፈ። አቧራው እስኪረጋ ቆምኩ። ረስተውኝ ሄደው የሚመለሱ መስሎኝ ትንሽ ጠበቅኩ። ከዚያ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ባላውቅም እንደማልሄድ ገባኝና ፌስታሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሙዙ ተጨፈለቀ።

አባቴ ሊያነሳኝ ሲመጣ ፋሂም በእጁ ተው አለው። ከቅዳሜ ጀምሮ ያልነካትን ኳስ በር ላይ ካለችበት አንስቶ እግሬ ሥር አስቀመጣት። ሄዶ ሁለቱ ጆንያዎች መሃል ቆመ። እሱ አጥቂ ነው፤ በረኛ ሆኖ አያውቅም።

«ኮቱ» አለኝ። «ነይ ምቺ። እንዳታዪ።»

ሳላይ መታሁ። ገባ። ደገምኩ፤ ገባ። ፋሂም በተቃራኒው በኩል እየተወረወረ አቧራ ላይ ይዘረጋል፤ ይነሳል፤ አይቻልም እኮ ይላል። ምክሩ እንዲህ ይሠራል ብዬ ዓመታት ሙሉ አምኛለሁ። ትምህርት ቤት ደወል ሲደወል ሰማን፤ አልሄድንም። እናቴ በረንዳው ላይ ወጥታ አየችንና ተመልሳ ገባች።

አሥራ አንደኛው ሲገባ ፋሂም በጀርባው ተኝቶ ቀረ። ቀሚሴ በአቧራ ተበላሽቶ ነበር፤ እላዩ ላይ ቆምኩ።

«አላየሁም እኮ» አልኩት።

«እኔም ኳሷን አላየኋትም» አለ ወንድሜ።